የቤተ መንግሥት ፍቅርና ሴራ፦ ከጎንደር እስከ ጎጃም

ተማሪዋ፦ የቻይና ታሪካዊ ድራማ ፍቅርንና የቤተ መንግሥት ሴራን አንድ ላይ ይገምዳል። አንዲት ልጃገረድ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢ ትገባለች፤ ንጉሡ ይወዳታል፤ ጣውንቶቿ ጉድጓድ ይምሱላታል፤ መጨረሻዋም ወይ እቴጌነት ወይ ጥፋት ነው። በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘንድስ እንዲህ ያለ ነገር ነበረ ወይ፣ ጋሼ?

መምህሩ፦ ነበረ፤ የሚሄደው ግን በሌላ ሕግ ነው። ለማነጻጸር መጀመሪያ የቻይናው ግቢ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ባለ 76 ክፍሉ «የዠን ኋን ታሪክ» የሚካሄደው በንጉሠ ነገሥት ዮንግዠንግ ዘመን ነው። በ2018 የወጣው ባለ 70 ክፍሉ «የያንሺ ቤተ መንግሥት ታሪክ» ደግሞ በልጁ በቺየንሎንግ ዘመን ይካሄዳል። ሁለቱም የቺንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ናቸው። በዚያ ሥርዓት «ስምንቱ ባንዲራ» ከሚባሉት የጦር ምድቦች የተወለዱ ልጃገረዶች በየሦስት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርቡ ነበር። የተመረጠችው ግቢ ውስጥ ትቀራለች። ከእቴጌዋ እስከ ታችኛዋ ድረስ ስምንት ማዕረግ አለ፤ እያንዳንዷም ከማዕረግ ወደ ማዕረግ የምትወጣው በንጉሡ ፈቃድ ብቻ ነው። አባትና ወንድም ከአጥር ውጭ ናቸው፤ በውስጥ የሚያገለግሉት ስልቦች ናቸው።

ተማሪዋ፦ አልጋ ወራሹስ እንዴት ይታወቅ ነበር?

መምህሩ፦ ሴራውን ያከረረው እሱ ነው። ዮንግዠንግ የወራሹን ስም ጽፎ በታሸገ ሣጥን ውስጥ አድርጎ፣ በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ከዙፋኑ በላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ጀርባ የማስቀመጥ ሥርዓት አቆመ። ሣጥኑ የሚከፈተው ንጉሡ ሲሞት ነው። ስለዚህ ወንድ ልጅ የወለደች ሴት ሁሉ ተስፋም ሥጋትም አላት። የአንድ ሰው ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ማወቅ የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል። ድራማው ፍቅርንና ሴራን መለየት የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ግቢው ራሱ አይለያቸውም።

ተማሪዋ፦ በዚያው ዘመን እዚህ የነገሡት እነማን ነበሩ?

መምህሩ፦ ዘመኑ በትክክል ይገጥማል። ዮንግዠንግ ከ1722 እስከ 1735 እ.ኤ.አ. ሲገዛ፣ በጎንደር አጤ በካፋ ከ1721 እስከ 1730 እ.ኤ.አ. ነግሠው ነበር። አንድ ትልቅ ልዩነት እዚህ ይታያል። በቻይና ከአጥር ውስጥ የሚዘጋባቸው የንጉሡ ሴቶች ናቸው። በጎንደር ግን የሚዘጋባቸው ወንዶቹ ነበሩ፤ የነጋሢ ዘር ያላቸው ሁሉ ወህኒ አምባ ላይ ይቀመጣሉ፤ መኳንንቱና ሠራዊቱ የፈለጉትን ከዚያ አውርደው ያነግሣሉ። በካፋም የወረዱት ከወህኒ ነው። ወራሹ ተራራ ላይ ስለሆነ ሴራው በእልፍኝ ብቻ አይወሰንም፤ ጦር ያለው፣ አገር ያለው፣ ዘመድ ያለው ሁሉ ይገባበታል።

ተማሪዋ፦ ሴቶቹስ?

መምህሩ፦ ሴቶቹ ከቤታቸው ጋር ይገባሉ። ሦስት ነገሮችን አብረሽ ተመልከቺ። አንደኛው ርስት ነው፤ በጎጃምም ሆነ በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅ የራሷ መሬት ነበራት፤ ብታገባም ድርሻዋ አይጠፋም ነበር። ሁለተኛው የጋብቻ ዓይነት ነው። በቁርባን የተጋቡ አይፋቱም ነበር፤ በሰማንያ የተጋቡ ግን ንብረት ተካፍለው መለያየት ይችሉ ነበር፤ የደሞዝ ጋብቻም ነበረ። ስለዚህ ሴት አግብታ ፈትታ ሌላ ማግባቷ ለመኳንንት ቤት እንግዳ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ጋብቻም የፖለቲካ ውል ነበር። ሦስተኛው ወገን ነው። ሴቲቱ ስትከብር ወንድሟ ራስ ይሆናል፤ የአጎቷ ልጅ አገር ይሾማል። በቻይናው ድራማ ሴቲቱ ብቻዋን ትታገላለች፤ እዚህ ግን ከኋላዋ አንድ አውራጃ አለ።

ተማሪዋ፦ በካፋና ምንትዋብ ግን በፍቅር የተጋቡ አይደሉም እንዴ?

መምህሩ፦ ከ1760ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የጻፈው ታሪክ እንዲህ ነው። በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ። የአንድ ገበሬ ልጅ አስታመመቻቸው፤ ሲድኑ አገቧት። ታሪኩ ለድራማ የተሠራ ይመስላል፤ ቁም ነገሩ ግን ከሠርጉ በኋላ ነው። በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ነበር። ምንትዋብ በ1723 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ሆኑ፤ ከቋራ የመጣው ወገን ሹመቱን ያዘ። የገበሬ ልጅ የተባሉት ሴት አገር የገዙት በውበት ብቻ ሳይሆን በቋራ ሰው ጭምር ነው።

ተማሪዋ፦ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ወደዱ ይባላል።

መምህሩ፦ አዎ፤ የበካፋ የቅርብ ዘመድ የሆነውን፣ በዕድሜ ከእርሳቸው የሚያንሰውን ምልምል ኢያሱን ወደዱ። ከእርሱም ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ ይባላሉ። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ይህን እንደ ውርደት ቆጠሩት። በ1734 ዓ.ም. ገደማ ምልምል ኢያሱ በጣና አካባቢ ከገደል ተወርውሮ ሞተ፤ ያስወረወሩት ንጉሡ ናቸው ተብሎ ይታመናል። እናትና ልጅ ተቃቃሩ። የምንትዋብ ሥራ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ በደቅ ደሴት የናርጋ ሥላሴን፣ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ደግሞ የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩ እርሳቸው ናቸው። በናርጋ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

ተማሪዋ፦ ሦስቱ ሴቶች ልጆችስ ምን ሆኑ?

መምህሩ፦ የድራማው ሁለተኛ ክፍል የእነርሱ ነው። አስቴር የበጌምድሩን ገዢ የማርያም ባርያን አገቡ። ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ የነገሡት ልጃቸው ኢዮአስ እናታቸው ኦሮሞ ስለነበሩ፣ የእናታቸው ዘመዶች ወደ ግቢው ገቡ፤ ከምንትዋብ የቋራ ወገን ጋርም መተናነቅ ተጀመረ። ምንትዋብ ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑልን ጠሩ። በዚህ ትርምስ የማርያም ባርያ ተይዘው ተገደሉ። ባላቸው የሞተባቸው አስቴር በዕድሜ የገፉትን ራስ ሚካኤልን አገቡ፤ ብሩስ እንደሚለው ከጋብቻው ያገኙት ትልቁ ነገር የባላቸውን ደም የሚመልስላቸው ሰው ነው። በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስ ተገደሉ። የመሳፍንት ዘመን የሚባለው የሚቆጠረውም ከዚህ ነው።

ተማሪዋ፦ የእኛ አካባቢ፣ ጎጃም፣ በዚህ ውስጥ የት አለ?

መምህሩ፦ ሁለት ቦታ። የዳሞቱ ገዢ ፋሲል፣ ዛሬ ቡሬና አካባቢዋ ባለችበት አገር ጦር ያላቸው ሰው፣ የኢዮአስ ወገን ሆነው ከራስ ሚካኤል ጋር ተዋግተዋል። ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት ሰከላ ውስጥ ወደሚገኘው ግሽ ዓባይ የደረሰው በእኚሁ ፋሲል ፈቃድ ነው፤ ፋሲል ፈረሳቸውን ሰጥተውት ከፊቱ እየነዳ እንዲሄድ አደረጉ፤ ፈረሱን ያየ ሁሉ መንገድ ይለቅ ነበር። ሁለተኛው የወለተ እስራኤል ነገር ነው። እርሳቸው የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አገቡ፤ ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉም እርሳቸው ናቸው። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ ጎጃምን ገዙ፤ የኋላው የጎጃም ገዢ ቤትም የዘር ሐረጉን ወደ እርሳቸው ያደርሳል። ልብ በይ፤ ንጉሡ ልጃቸው እንደ ነውር የቆጠሩት የምንትዋብና የምልምል ኢያሱ ፍቅር አንድ ሥርወ ቤት አፈራ ማለት ነው።

ተማሪዋ፦ እስካሁን የተነሣው ጋብቻ ሁሉ ወይ ለሹመት ወይ ለበቀል ነው። በፖለቲካ ተጀምሮ ወደ እውነተኛ ፍቅር የተለወጠስ የለም?

መምህሩ፦ የታወቀው የካሣ ኃይሉ ነው፤ በኋላ አጤ ቴዎድሮስ የተባሉት። በ1840 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ፣ ቋራ ላይ ያስቸገራቸውን ይህን ሽፍታ በጋብቻ ሊያስሩት አሰቡ። የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ሐሳቡ ልጅቷ በባሏ ቤት የአባቷ ዓይን እንድትሆን ነበር፤ ተዋበች ግን ከባላቸው ጎን ቆሙ። ካሣ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን አሸነፉ፤ ጎሹም ወደቁ። በሰኔ ወር ደግሞ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ የገዛ አማታቸውን ራስ አሊን ድል አደረጉ። ተዋበች በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ሲሞቱ ቴዎድሮስ እጅግ አዘኑ፤ ከዚያ በኋላ ጠባያቸው እየከረረ እንደሄደ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው።

ተማሪዋ፦ ሁለተኛዋስ ሚስት?

መምህሩ፦ የዚያ ተቃራኒ ነው። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ጥሩወርቅ ንጉሡን ያገቡት የተሸነፈ ቤት ልጅ ሆነው ነው። ኩሩ ነበሩ፤ ትዳሩ ሰላም አልነበረውም። የወለዱት ልዑል ዓለማየሁ ነው። አንድ ባል፣ ሁለት የፖለቲካ ጋብቻ፤ አንዱ ፍቅር ሆነ፣ አንዱ ቂም ሆኖ ቀረ። ጋብቻው ለምን እንደተደረገ መናገር ይቻላል፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ምን እንደሚበቅል ግን አስታራቂ ሽማግሌም ሆነ የጦር አለቃ አይወስነውም። ለድራማ የሚሆነው ቦታ ይህ ነው።

ተማሪዋ፦ የሸዋው ቤተ መንግሥትስ? ሴራ ሲባል ስማቸው የሚነሣው እቴጌ ጣይቱ ናቸው።

መምህሩ፦ ከጣይቱ በፊት ወይዘሮ ባፈና አሉ። ምኒልክ መጀመሪያ መቅደላ ላይ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተው ነበር፤ በ1857 ዓ.ም. ሲያመልጡ ትተዋት ሄዱ። ሸዋ ላይ ሲነግሡ ባፈናን አገቡ። ባፈና በዕድሜ ይበልጧቸዋል፤ ከሌሎች ባሎች የወለዷቸውም ልጆች ነበሯቸው። በ1869 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ በጌምድርና ጎጃም ሲዘምቱ ባፈና ሸዋ ላይ አድማ አሳደሙ፤ ዓላማቸው ከገዛ ልጆቻቸው አንዱን ለሥልጣን ማብቃት ነበር። አድማው ከሸፈ። ምኒልክ ግን ወዲያው አልፈቷቸውም፤ ይቅር ብለው እንደገና አብረው ኖሩ።

ተማሪዋ፦ በቻይና ቢሆን በሞት ትቀጣ ነበር።

መምህሩ፦ እዚህ መቅጣት ከወገኗ ጋር መጣላት ነው፤ በዚያ ላይ ምኒልክ ይወዷቸው ነበር ይባላል። መለያየቱ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ምክንያቱም ልጅ አለመውለዳቸውና የመኳንንቱ ግፊት ነው። ከዚያ ጣይቱ ብጡል ገቡ። ጣይቱ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው፤ ለጥሩወርቅ የአጎት ልጅ ማለት ነው። አባታቸው ሲሞቱ እናታቸው የውብዳር በጎጃም የደብረ መዊ ገዳም አስተዳዳሪ የነበሩትን ሰው አገቡ፤ ጣይቱም ልጅነታቸውን እዚያ አሳለፉ። ደብረ መዊ ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ ከመራዊ በስተ ምሥራቅ የምናገኘው ደብር ነው። ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ፤ ግዕዝ ይረዳሉ፤ በገና ይደረድራሉ፤ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። በዘመኑ እንዲህ የተማረች ሴት ብርቅ ነበረች።

ተማሪዋ፦ ከምኒልክ በፊት ብዙ ጊዜ አግብተዋል ይባላል።

መምህሩ፦ አዎ፤ የባፈናን ወንድም ዝቃርጋቸውን ጭምር። የቻይናው ሕግ ይህን ፈጽሞ አይፈቅድም፤ ወደ ንጉሡ ግቢ የምትቀርበው ያላገባች ልጃገረድ ናት። ጣይቱ ግን የቀድሞ ትዳራቸው አላጎደላቸውም፤ ይልቁንም በየቤቱ የኖሩ፣ የእያንዳንዱን ቤት ቂምና ዝምድና የሚያውቁ ሴት አደረጋቸው። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ከምኒልክ ጋር ቆረቡ። በቁርባን መጋባታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ መፋታት የለም። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ 25 ቀን፣ ጣይቱ 27 ቀን እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ።

ተማሪዋ፦ በዚያን ጊዜ ጎጃም በማን እጅ ነበረ?

መምህሩ፦ በጉር አምባ የወደቁት የጎሹ የልጅ ልጅ ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በአጤ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነግሠው ነበር፤ መቀመጫቸው መንቆረር፣ የዛሬው ደብረ ማርቆስ ነው። በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ዮሐንስ ሁለቱንም ገሠጹ፤ ከሁለቱም አገር ቀነሱ። ከዚያም የምኒልክን ሕፃን ልጅ ዘውዲቱን ለራሳቸው ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ዳሩ። ጦርነቱ በጋብቻ ተዘጋ። ዘውዲቱ ያኔ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ተማሪዋ፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ጋሼ። ቀደም ሲል ሴቲቱ ርስት አላት፣ ወገን አላት፣ መፍታት ትችላለች ተባለ። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ምን ትወስናለች? ይህ ከቻይናው ምርጫ በምን ይሻላል?

መምህሩ፦ ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ ድንበሩም እዚያ ላይ ነው። የተናገርኩት ጉልበት የጎለመሰች ሴት ጉልበት ነው፤ የምንትዋብ፣ የአስቴር፣ የጣይቱ። የመጀመሪያው ጋብቻ ግን የአባቶች ነው፤ ልጅቷ የውሉ ማኅተም እንጂ ተዋዋይ አይደለችም። ይህ በግልጽ የታየው በምኒልክ ሕመም ጊዜ ነው።

ተማሪዋ፦ የልጅ ኢያሱ ሠርግ?

መምህሩ፦ ሁለቱ ሠርጎች። ጣይቱ ለምኒልክ ልጅ ስላልወለዱ ኃይላቸውን ያቆሙት በወንድማቸው ልጆች ነው። የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ከፈይ የራስ መንገሻ ዮሐንስ ሚስት ሆኑ። በ1892 ዓ.ም. ባላቸው የሞተባቸው ዘውዲቱ የራስ ወሌን ልጅ ጉግሣን አገቡ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የምኒልክ የልጅ ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ሲታወጅ፣ በዚያው ወር የመንገሻና የከፈይን ልጅ ሮማነወርቅን ዳሯቸው። ሠርጉ ለጣይቱ ቤት መተማመኛ ነበር፤ ማንም ቢነግሥ እቴጌዋ ከወሌ ቤት ትሆናለች። ምኒልክ መናገር ባቃታቸው ጊዜ ሹም ሽሩ በጣይቱ እጅ ገባ። የሸዋ መኳንንት ግን አልታገሡም፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመሐል ሰፋሪው ጋር ተማክረው ጣይቱ ባላቸውን ከማስታመም በቀር በመንግሥት ሥራ እንዳይገቡ አስወሰኑ።

ተማሪዋ፦ ሮማነወርቅስ?

መምህሩ፦ ጋብቻው ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ኢያሱም የጎጃሙን የኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አገቡ። ይህን ተመልከቺ፤ አዋጅ ሳይነገር የመንግሥት ሚዛን ከየጁው የወሌ ቤት ወደ ጎጃም የዞረው በአንድ ፍቺና በአንድ ሠርግ ነው። በቻይናው ድራማ የሞገስ መለወጥ የሚታወቀው ንጉሡ ማታ የማንን ስም እንደመረጠ ሲሰማ ነው። እዚህ የሚታወቀው ሙሽራዋ ከየት አገር በቅሎ ተጭና እንደመጣች ሲታይ ነው።

ተማሪዋ፦ ከኢያሱ መውረድ በኋላ የዘውዲቱ ነገር እንዴት ሆነ?

መምህሩ፦ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ መኳንንቱ ዘውዲቱን አነገሡ፤ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ግን እንዲለያዩ አደረጉ። ፍርሃቱ ግልጽ ነው፤ ጉግሣ ከንግሥቲቱ ጋር ቢቀመጡ የጣይቱ ቤት በጓሮ በር ይመለሳል። ጉግሣ የበጌምድር ገዢ ሆነው ራቁ። በ1922 ዓ.ም. ተነሡ፤ መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ተገደሉ። ንግሥቲቱ መጋቢት 24 ቀን አረፉ። በእነዚህ ሁለት ቀናት ላይ ብዙ ወሬ ተነዝቷል፤ ጸሐፌ ተውኔት ወሬውን ሁሉ ጥሎ ቀኖቹን ብቻ ቢይዝ በቂው ነው።

ተማሪዋ፦ ሰብለ ወንጌልና አባታቸውስ? ኢያሱ ከወደቁ በኋላ ጋብቻው ትርጉም አጣ?

መምህሩ፦ አላጣም። ራስ ኃይሉ ከዚያ በኋላም ጎጃምን በሀብትና በክብር ገዙ፤ በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ጎበኙ። ነገር ግን ፍቼ ላይ የታሠረው የቀድሞ አማች የመጨረሻ ካርታቸው ነበር። በ1924 ዓ.ም. ኢያሱ ከእስር አመለጡ፤ ሳይቆዩ ተያዙ። ራስ ኃይሉ በማምለጡ እጅ አለበት ተብለው ተፈረደባቸው፤ ንብረታቸው ተወረሰ፤ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው የጎጃም ገዢነት ከዚያ ቤት የወጣው በዚህ ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ሠርግ አባትየውን አገር አሳጣ።

ተማሪዋ፦ ከዚያ በኋላ በጋብቻ የመግዛት ፖለቲካ አበቃ?

መምህሩ፦ አንድ የመጨረሻ ትዕይንት አለ። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው የዊንጌት ጦርና አርበኞች የካቲት ላይ ቡሬን ከጣሊያን አስለቀቁ፤ ከዚያ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ባለችበት መንገድ ወደ ደምበጫ ገፉ። ጣሊያኖች ራስ ኃይሉን ደብረ ማርቆስ ላይ አስቀምጠው የጎጃምን ሰው እንዲይዙላቸው ይጠብቁ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን ለቆ ሲያፈገፍግ የዓባይን መሻገሪያ የያዙት በላይ ዘለቀ ነበሩ፤ ጦሩ ግን ሳይመታ ተሻገረ። በዘመቻው የነበሩ እንግሊዛውያን እንደሚተርኩት ራስ ኃይሉ ለበላይ ልጃቸውን ሊድሩ ቃል ገብተው ነበር። ይህ የውጭ ሰዎች ትረካ ስለሆነ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ትረካው ራሱ ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ ከተራ ቤት ለወጣ አርበኛ ከሹመት ሁሉ የሚበልጠው ማባበያ የጎጃም ነጋሢ ቤት አማች መሆን ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በላይ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀሉ አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበሩ።

ተማሪዋ፦ ይህ ሁሉ ታሪክ እያለ የአማርኛ ድርሰት ስለ ፍቅርና ስለ ዘር ሲጽፍ ወደ ቤተ መንግሥት አልሄደም።

መምህሩ፦ ወደ ባላባት ግቢ ሄደ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎጃም ላይ የቆመ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የሚመጥን ዘር አጥተው ጠያቂውን ሁሉ ይመልሳሉ፤ እርሷ ደግሞ ያስተማራትን የቤተ ክህነት ሰው በዛብህን ትወዳለች። በዚያ መጽሐፍ ጋብቻ የቤት ጉዳይ፣ ፍቅር የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሆነው ይጋጫሉ። በነገሥታቱ ዘንድ የነበረው ግጭት ያው ነው፤ ልዩነቱ ዙፋን መኖሩ ብቻ ነው።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው አንድ ሰው የኢትዮጵያን ቤተ መንግሥት ድራማ ቢጽፍ ከቻይናው ምን ይወስዳል፣ ምንስ ይተዋል?

መምህሩ፦ የሚወስደው ትዕግሥቱን ነው፤ አንድ ምግብ፣ አንድ ስጦታ፣ አንድ የመቀመጫ ቦታ እንዴት መልእክት እንደሚሆን ቀስ ብሎ ማሳየቱን። የግብር አዳራሽ ለዚህ ይበቃል፤ ማን ከማን ቀድሞ ገባ፣ ሥጋው ለማን ከየትኛው ብልት ተቆረጠ፣ አጋፋሪው ማንን በር ላይ አቆየ። የሚተወው አጥሩን ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት ዓመቱን ሙሉ በአንድ ግቢ አይቀመጡም ነበር፤ ብዙውን ጊዜ በድንኳን ነበሩ፤ እቴጌዪቱም የራሷ ድንኳን፣ የራሷ ሹማምንት፣ የራሷ ጦር ነበራት። ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ከጦራቸው ጋር ዘምተዋል፤ መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ የሚጠጣበትን ውኃ የማስያዙን ምክር ያመጡትም እርሳቸው ናቸው። ምስጢር የሚያመላልሱት ስልቦች ሳይሆኑ የነፍስ አባቶች፣ ጸሐፊዎችና የጋብቻ ሽማግሌዎች ነበሩ።

ተማሪዋ፦ ፍቅሩስ የት ይቀመጣል?

መምህሩ፦ በቻይናው ድራማ ፍቅር የሴራው መንገድ ነው፤ የንጉሡን ልብ ያገኘች ሁሉንም ታገኛለች። በእኛ ግን ሴራው የሚሄደው በጋብቻ ነው፤ ፍቅር አንዳንዴ ከጋብቻው ውስጥ ይበቅላል፣ አንዳንዴም ይቃወመዋል። ተዋበች አባታቸውን ትተው ባላቸውን መረጡ፤ ምንትዋብ ልጃቸው የማይወደውን ሰው ወደዱ፤ ዘውዲቱ ዘውድ ተቀብለው ባል አጡ፤ ሮማነወርቅና ሰብለ ወንጌል ምን እንደወደዱ የጠየቃቸው የለም። ቻይናዊው ደራሲ «ንጉሡ ማንን ይወዳል?» ብሎ ይጀምራል። የጎንደርን፣ የሸዋንና የጎጃምን ታሪክ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህች ሴት የማን ልጅ ናት፣ አሁንስ የማን ወገን ልትሆን ነው?» የሚለውን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ በሚያገኙበት ቦታ ሁሉ ድራማ አለ።